ሰሚራ ያልጨረሰችው ጌም

ልጅ ሳለሁ ሞጣ ውስጥ ጃፓንኛ የምታነብ አንዲት ሰው ነበረች፤ ታላቅ እህቴ ሰሚራ። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የልብ በሽታ ነበረባት። በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ከገበያው ወደ ቤታችን የምታስወጣዋን አጭር ዳገት እንኳ ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አትጨርሳትም። ከስምንተኛ ክፍል ስታቋርጥ፣ ከጅዳ የተመለሰችው አክስታችን የአሠሪዎቿ ልጆች የጣሉትን አሮጌ ፕሌይስቴሽን ሰጠቻት።

አብረው ከመጡት ሲዲዎች የወደድናቸው ሁለቱን ነው። የኔ የፈረንጅ ነበር። ሰውየውን ራሴ እሠራዋለሁ፤ ፊቱን፣ ቁመቱን፣ ሙያውን መርጬ ሜዳው ላይ እለቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የት ገባህ፣ የት ወጣህ የሚለው የለም። የሰሚራ የጃፓን ነበር። የእሷ ልጅ ስሙም መንደሩም አስቀድሞ የተሰጠው፣ መንገዱም አንድ ብቻ ነው። ጠላት ሲገጥመው እንኳ ተራውን ጠብቆ ነው የሚማታው። ተራ እየጠበቁ መማታት ምን የሚሉት ጠብ ነው እያልኩ እስቅባት ነበር።

«ያንተ ሰው የትም ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ግን የለም» አለችኝ አንድ ቀን። «የኔን የሚጠብቁት አሉ።»

የሚጠብቁትን እነማን እንደሆኑም ታውቃለች። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እናቴ ምስር እየለቀመች፣ አባቴ ከሱቅ ገብቶ እግሩን እየታጠበ፣ ሰሚራ ጆይስቲኩን ይዛ ታሪኩን ትተርክልን ነበር። የልጁን እናት ባሕር ማዶ ወስደውበታል። አብራው የምትጓዘው ነጭ ጸጉር ያላት ልጅ እህቱ ናት፤ እሱ ግን አላወቃትም። አባቴ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ መርከቡን ማዕበል ሲያናውጠው ግን ከሁላችን በፊት የሚደነግጠው እሱ ነው። በመጨረሻ አንድ ግንብ ብቻ ቀረ። እናቱ እዚያ ውስጥ ናት አለችን።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ የራሴን ልጫወት ተቀመጥኩ። የደረስኩበትን ሴቭ ላደርግ ስል፣ የሁለታችንም ጌም የሚቀመጥበት ሚሞሪ ካርድ ሞልቷልና አንዱን አጥፋ አለኝ። ከተደረደሩት መካከል ስሙ የማይነበብ አንድ ነበር። የማይነበብ ነገር መቼም የተበላሸ ነው ብዬ እሱን አጠፋሁት። የሰሚራ ጌም ራሱ የማይነበብ መሆኑ ያን ሰዓት እንዴት እንዳልታየኝ ዛሬም አይገባኝም።

ማታ ስትከፍተው ልጁ ግንቡ ጋ የለም። ያ ሁሉ የሄደበት መንገድ ጠፍቷል። «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ወደኔ ዞረች። መብራት ሲሄድ ጠፍቶ ይሆናል አልኳት። ያን ጊዜ ሞጣ ላይ በመብራት የማይሳበብ ጥፋት ስላልነበረ ሁሉም አመኑኝ።

አልተቆጣችም። ሀ ብላ ጀመረች። ትንፋሿ እያጠረ፣ ሦስት ትራስ ተደግፋ ትጫወት ነበር፤ ያቺን ግንብ ማየት ነበር የቀራት። መርከቡ ጋ እንኳ ሳትደርስ ሕመሙ ጠንቶባት ባሕር ዳር ወሰዷት፤ በሕይወት አልተመለሰችም። እውነቱን ሳልነግራት ቀበርናት።

አሁን የጃፓኖቹም ጌም ሜዳው ሰፍቶለት እንደ ልብ ያስኬዳል፤ ፈረንጆቹም ታሪክ መተረክ፣ ሰው ማስለቀስም ለምደዋል። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ሲያቅተኝ፣ ሰሚራ ይህን አይታ ብትስቅብኝ እላለሁ። ዘንድሮ ያ የሷ ጌም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አገኘሁት። ያጠፋሁባትን ልጨርስላት ብዬ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ስጫወት ከርሜ ጨረስኩት።

የጠፋች እናት የለችም። ልጁ ቅጥረኛ ወታደር ነው። ነጭ ጸጉር ያላት ልጅ የንጉሥ ልጅ ናት እንጂ እህቱ አይደለችም። ግንቡ ውስጥ የሚጠብቀው ዘንዶ ነው። ሰሚራ አንድም የጃፓን ፊደል አታነብም ነበር፤ ያን ሁሉ ምሽት የነገረችን ከራሷ ነው። የጌሙን መጨረሻ ዛሬ ማንም በስልኩ ከፍቶ ያየዋል። የሷን ግን የሚያውቅ የለም፤ እሷ ደግሞ ልትነግረን አንድ ግንብ ነበር የቀራት።

ሰሞኑን እናቴ ጋ ደውዬ ጌሙን አግኝቼ እንደጨረስኩት ነገርኳት። «ታዲያ ልጁ እናቱን አገኛት?» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ስደውልላት፣ ኔትወርክ ነው የቆረጠው አልኳት።