ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ይህ የሆነው አምና፣ መስቀል ካለፈ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ምን እንደሚለኝ እግዜር ይወቀው።

አርክቴክት ነኝ። ያደግኩት ደሴ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ማለዳ ወጥቼ ማታ ስለምገባ ከጎረቤት ጋር ከ“ደህና አደሩ” ያለፈ ነገር አልነበረኝም። እድርም አልገባሁም። “ማን ይሞትብኛል?” ባይ ነበርኩ።

ሕንፃዎቹ መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ አንድ የሙከራ ፓቪሊዮን ለመሥራት ዓመት ሙሉ ሳቅድ ቆየሁ። ሰው አረፍ የሚልበት፣ ከባህር ዛፍና ከነጭ ሸራ ብቻ የሚሠራ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ሲሚንቶ የሚቆም ዳስ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ በስንት ልመና ፈቀደልኝ። ሰብሳቢው ግን ቁርጡን ነገሩኝ፤ “እሑድ መጥተን እናየዋለን። ከቆመ ይቆያል። ካልቆመ ታነሳዋለህ፤ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሆናል።”

ቅዳሜ ማለዳ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሄለን እንጨቶቹን አቁመን ሸራውን አለበስናቸው። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ይመስል ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ መጣና ወፊቱን አንገት አስደፋት። አንድ ክንፏ መሬት ነካ። ዓመት የለፋሁበት ነገር ዓይኔ እያየ ተጋደመ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ሄለን አጠገቤ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች።

እንግዲህ አስቡት። በጠዋቱ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። አንዱ ራሱን ይዞ ተቀምጧል፤ አንዷ ታለቅሳለች።

መጀመሪያ የደረሱት ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ በለጡ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ “ወይኔ ልጄን! ወይኔ የሰው አገር ልጅ!” እያሉ መጡና አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሆድ ብሶኝ ስለነበር አብሬያቸው አለቀስኩ። ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ከየደረጃው ሰው ይወርድ ጀመር። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። አንድ ጎልማሳ እጄን ጨብጠው “እግዚአብሔር ያጽናህ” አሉኝ። “አሜን” አልኩ። ምን ልበል?

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ መጡና ተቆጡ።

“ሰው ሞቶብህ እንዴት ብቻህን ድንኳን ትተክላለህ? እኛ ምን ሆነን? ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?”

“ማንም አልሞተም” አልኩ መሬት መሬት እያየሁ። “ይሄ ፓቪሊዮን ነው።”

እማማ በለጡ አንገቴን ለቀቁኝ።

“ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የምትንሰቀሰቀው?”

“ወድቆብኝ ነው፣ እማማ።”

ትንሽ አዩኝና ነጠላቸውን አስተካክለው እልልታውን አቀለጡት። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእድር ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዳሴን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ “መወጠሪያ ገመዱስ?” አሉኝ።

“መልኩን ያበላሽብኛል ብዬ ተውኩት።”

“መልኩ የሚያምረው ሲቆም አይደል እንዴ!”

ኮታቸውን አወለቁ። ከእድሩ ዕቃ ቤት ገመድና ካስማ አስመጡ። “እናንተ ወዲህ ሳቡ! እናንተ ወዲያ!” ሊያጽናኑኝ የመጡት ሁሉ በሁለት ወገን ሆነው መሳብ ያዙ። ከሳቢዎቹ አንዱ ለቅሶ ሊደርሱ ጥቁር ኮት ለብሰው የመጡት የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። ወፊቱ ቀና አለች። ነፋሱ ተመልሶ ሲመጣ ሸራው ተርገበገበ እንጂ እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። ኮምፒውተር ላይ እንኳ እንደዚያ አምራልኝ አታውቅም። በደስታ ዘለልኩ።

እሑድ ኮሚቴው ሊያይ አልመጣም። “ራሴ የሳብኩትን ምን አየዋለሁ?” አሉኝ ሰብሳቢው። ዳሱ ቆየ፤ አሁን ሽማግሌዎች ጋዜጣ ያነቡበታል፣ ልጆች ጥላው ሥር ያጠኑበታል።

እነዚያ ሰዎች ማን እንደሞተብኝ አያውቁም፤ ስሜን እንኳ አያውቁም ነበር። ግን መጡ። በሳምንቱ እድር ገባሁ። አሁን ድንኳን ሲተከል ጋሽ ደምሴ አስቀድመው የሚደውሉት ለእኔ ነው። አርክቴክት መሆኔን አብዛኛው የሠፈር ሰው አያውቅም፤ “ድንኳን ተካዩ” ነው የሚለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ካገኘሁት ማዕረግ ይኼኛው ይበልጥብኛል።