ብርሃን ይግባበት የተባለው አይብ

ጥሩወርቅ ከአረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ የአይብ ሥራ ስትጀምር፣ ዋናው ጣጣዋ አይቡ ይሆናል ብላ ነበር። ተሳስታለች፤ ጣጣዋ ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ትርንጎ ናቸው።

አይቡን የሚወስድላት ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል ነው። ሁለት ጊዜ ሸትቶ ሲደርስበት ጊዜ ሆቴሉ፣ «አንድ ዕድል እንጨምርልሻለን፤ ከዚያ በኋላ በቃን» አላት። ይህ ገበያ ከቀረ ሻንጣዋን አንስታ ወደዚያው አረብ አገር፣ ወደ ሰው ቤት ሥራ መመለሷ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ጓደኛዋ ማስተዋል መፍትሔ አመጣችላት፤ ለሙከራ የተሠራ ስስ መጠቅለያ። «ብርሃን ሲያገኝ አይቡን የሚያበላሸውን ባክቴሪያ ይገድላል። ጨለማ ውስጥ ግን ከተራ ፌስታል አይሻልም» አለቻት።

ጥሩወርቅ አይቡን ጠቅልላ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ሥር ደረደረችው። ሸተተ። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ሸተተ። ማስተዋል ላይ በስልክ የወረደችባት መውረድ አይነገርም። አንድ ቀን ግን ከመናኸሪያ ቶሎ ስትመለስ፣ አይቡ በእትዬ ትርንጎ ወፍራም ጋቢ ተሸፍኖ አገኘችው።

«እትዬ! ብርሃን ካላገኘ አይሠራም ብዬ አልነገርኩዎትም?»

«ምግብ ገላልጦ ማስቀመጥ የት የተማርሽው ነው? አላፊ አግዳሚው በመስኮት እያፈጠጠበት! ያበላሸው ዓይን ነው።»

«ያበላሸው ጋቢዎ ነው!»

ጥሩወርቅ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። በስንት ልመና፣ ሁለተኛ ላይሸፍኑ በማርያም አስማለቻቸው።

ለሆቴሉ የሚላከው የመጨረሻው አይብ ተጠቅልሎ መስኮቱ ሥር በተቀመጠ ዕለት ወተት ልትቀበል ወጥታ ተመለሰች። ጋቢው አይቡ ላይ የለም፤ እትዬ ትርንጎ ላይ ነው። ለብሰውት፣ ክንዳቸውን ዘርግተው መስኮቱን ግጥም አድርገው ከልለው ቆመዋል። አይቡ በጥላቸው ጨልሟል።

«እግዜር ያሳያችሁ!» ብላ ጮኸች ጥሩወርቅ። «አልማሉም?»

«መቼ ሸፈንኩ? ቆምኩ እንጂ» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ዓይን ከሆነ እኔን ይብላኝ። ይኸ አይብ ከተበላሸ ትሄጃለሽ። አንቺ ያኔ ስትሄጂ እኔ እንዴት እንደከረምኩ አታውቂም።»

ጥሩወርቅ አክስቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻቸውና ከመስኮቱ በታች በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እዚህ ሆነው ይጠብቁት። የሚያልፈው ሁሉ እርስዎን ይይ። ብቻ ይቀመጡ፤ እንዳይቆሙብኝ!»

እትዬ ትርንጎ ለምሳ እንኳ አልተነሡም። አይቡ ባሕር ዳር በደህና ገባ፤ ሆቴሉም ለሚቀጥለው ሳምንት አዘዘ።

«አየሽ?» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ዓይን ነው አላልኩሽም?»

ጥሩወርቅ በማግስቱ ጠዋት በርጩማውን ራሷ አወጣችላቸው።