ቀን የተቆረጠለት ሞተር

ሰው የሚሰደደው በሌሊት፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያጨበጨበልኝ ነው። ሞተሬን አስነስቼ ወደ አየር ማረፊያው የዕቃ መጋዘን ልነዳ ስል ባለቤቴ ሰናይት የሦስት ዓመት ልጃችንን ሊዲያን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ትስቅ ነበር። «ስታስጎበኝ ኖረህ፣ ይኸው አንተም በተራህ ልትጎበኝ!» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ እየሳቅኩ መውጣቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሥራዬ በሞተር ሳይክል ዓለምን የሚዞሩ ፈረንጆችን ወደ ሰሜን ይዞ መውጣት ነበር። ሞተራቸው አገራችን ሲገባ ጊዜያዊ የጉምሩክ ፈቃዱን የማስጨርስላቸው እኔ ነኝ። ለጥቂት ወር ወደ ቤተሰባቸው በአውሮፕላን ሲሄዱም ሞተራቸውን በሸራ ሸፍኜ ግቢዬ የማቆይላቸው እኔ ነኝ። ፈቃዱ ሊያልፍ ሲል ደውዬ እቆጣቸው ነበር። «ሞተርህ አገሬ ላይ ሕገወጥ ሊሆን ነው፣ ናና ውሰደው!» እላለሁ። ታዲያ አንድ ቀን እኔም የአሜሪካንን መንገድ በራሴ ሞተር ልየው ብዬ ዓመታት አስቤበት፣ ቪዛው ሲመታልኝ ሞተሩን በእንጨት ሳጥን አሽጌ ቺካጎ አወረድኩት።

ቺካጎ ላይ የጉምሩኩ ሰውዬ ሳጥኑን እየዞረ አየና ጠየቀኝ።

«ልትሸጠው ነው?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ከእኔ ጋር።»

ማኅተሙን መታልኝ። የአንድ ዓመት ፈቃድ፤ አይራዘምም፣ አይሸጥም፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። እኔ ሐሳቤ ሁለት ወር ነበርና ይህን ሁሉ ጊዜ ምን አደርገዋለሁ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

መጀመሪያ የነዳሁት የአክስቴ ልጅ ጌታሁን ወደሚኖርባት፣ ከቺካጎ የአንድ ቀን መንገድ ወደምትርቀው ወደ ሮዝቪል ነው። ጥቂት አርፌ ወደ ምዕራብ ልቀጥል ነበር። ጎማ እያየሁ እያለ ሰናይት በጎረቤት ስልክ ደወለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«ሰዎች ቢሮህን ሰብረው ገቡ» አለችኝ። «የሰሜኑን ፎቶዎችህን ነው የሚፈልጉት። ማንን ይዘህ እንደሄድክ፣ ምን እንዳነሳችሁ ይጠይቃሉ። አደራህን እንዳትመጣ።»

«አንቺስ? ልጅቷስ?»

«እኛ እናቴ ጋ ነን። አንተ ብቻ እንዳትመጣ።»

ቱሪስት ሆኜ የተነሳሁ ሰው ስልኩን ስዘጋ ስደተኛ ነበርኩ። ጌታሁን ሎየር፣ ጠበቃ ማለት ነው፣ ፈለገልኝ፤ አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት ጠየቅኩ። ሎየሯ ጥሩ ሴት ናት፤ ግን ስትናገር ዓይኔን አታይም። ጥያቄው ከጸደቀ ሚስቴንና ልጄን ማምጣት እንደምችል ነገረችኝ። መቼ እንደሚታይ ግን ማንም አያውቅም። እስከዚያ ከአገር መውጣት የለም፣ ከወጣሁ ጥያቄዬን እንደተውኩት ይቆጠራል። «እስከዚያም አንዲት ጥፋት እንዳትገኝብህ» አለችኝ። ያን ጊዜ ሞተሩ ትዝ አለኝ። እኔ መውጣት አልችልም፤ ሞተሩ ደግሞ በዓመቱ የግድ መውጣት አለበት። ስጠይቃት የጉምሩክ ነገር የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ነግራኝ «ብቻ ቀኑ እንዳያልፍ» አለች። ይህች ቃል ናት ያን ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳችኝ።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልላክኸውም ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ፤ ሞተሩ አጠገቤ እስከቆመ ድረስ ነገሩ ያልተቆረጠ ይመስለኝ ነበር። ነገ ሰናይት ደውላ ሁሉም በረደ ብትለኝ ሻንጣዬን ጭኜ እነሳለሁ። እሱን ከላክሁት ግን በቃ፣ እዚህ ቀረሁ ማለት ነው። ይህን ለመቀበል ፈራሁ።

እዚያው አካባቢ አፕል ቫሊ በምትባል ከተማ ላሪ የሚባል ሽማግሌ ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ የሥራ ፈቃዴ ሲደርስም ኤደን ፕሬሪ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ላሪ ሞተሩን ጋራዡ ውስጥ ሲያየው ተጨነቀ።

«ውላችን ላይ ያለው የአንተ ስም ብቻ ነው» አለኝ።

«ሞተር እኮ ነው ላሪ።»

«ቤንዚን አለበት። ምን ልበለው?»

«እንግዳ በለው።»

«እንግዳ ከሆነ የሚሄድበት ቀን አለው። መቼ ነው የሚሄደው?»

ይህን ጥያቄ ከጉምሩክ ወዲያ ደግሞ ላሪ ጠየቀኝ! በመጨረሻ ባትሪው ከጋራዡ ይውጣ፣ ሞተሩም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቁም ብሎ ተስማማ። ክረምት እዚህ የእኛ የሐምሌ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ ትንፋሽ ጢም ላይ ይረጋል፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ብረት የሚበላ ጨው ይነሰንሱበታል። ፈረንጆቹን እመክር የነበረውን ሁሉ ለራሴ አደረግኩ። ታንኩን ሞላሁ፣ ጎማዎቹን ሳንቃ ላይ አቆምኩ፣ ባትሪውን አልጋዬ ሥር አስገባሁ። ታርጋው ላይ የአማርኛ ፊደል ስላለ አላፊ አግዳሚ እንዳያየው በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሕጋዊ ነገር ነው የምደብቀው፤ ቢሆንም ደበቅኩት። የፖሊስ ሳይረን በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ታርጋ ነበር።

በረዶው ቀልጦ፣ ሣሩ ተመልሶ፣ በጋው አጋማሽ ላይ ስንደርስ የሞተሩ ቀን ተቃረበና መብላት አቃተኝ። ምክር በምክር ሆንኩ። ጌታሁን «ስትሬስ አታድርግ፤ ፓርት ባይ ፓርት ፈትተን እንጥለዋለን፣ ማን ቼክ ያደርጋል?» አለ። ደውሎ ይጠየቅ ያለ አንድም ሰው የለም፤ መንግሥትን ደውሎ የቀሰቀሰ ወዮለት የሚል ፍርሃት ሁላችንም ውስጥ አለ። እዚህ ያለው የአገር ልጆች ማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተሾመ ግን ነገሩን ሰምተው «ይሄ ሽምግልና ነው የሚፈልገው» አሉ።

«ጋሼ፣ የአሜሪካ ጉምሩክ እኮ ነው!»

«ሰው አይደሉም እንዴ? በል ልብስህን ተኩስ።»

በማግሥቱ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው የጉምሩክ ቢሮ ሄድን። ጋሽ ተሾመ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላቸውን ደርበዋል። እንግሊዝኛው እንዲቀና ብለው ኦቦ ገመቹን አስከትለዋል፤ ኦቦ ገመቹ ትልቁን መኪና አገር ላገር ሲነዱ የኖሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የተቀበለችን ኦፊሰር ወገቧ ላይ ሽጉጥ የታጠቀች ወፍራም ሴት ናት። ሦስት ወንበር አሳየችን።

«ተቀመጡ።»

ሁለቱም አልተቀመጡም። እኔም ሽማግሌዎቼ ቆመው ልቀመጥ አልችልም።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለች፣ ድምፅዋ ጠንከር ብሎ።

ጋሽ ተሾመ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እሺ ካላሉን አንቀመጥም በላት» አሉ። ኦቦ ገመቹም አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ተረጎሙላት። እሺ እስክትይን ድረስ አንቀመጥም!

ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሳች። አንድ እጇ ወደ ወገቧ ወረደ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ የነበረ ሌላ ኦፊሰርም ብቅ አለ። እዚህችው ይይዙኛል፣ ፋይሌ ላይ ይጻፋል፣ ሰናይትና ሊዲያ አለቀላቸው ብዬ አሰብኩ። ቶሎ ብዬ «ልመና ነው!» አልኩ። «በአገራችን ሽማግሌ የሚለምነው ቆሞ ነው። ካልተፈቀደለት አይቀመጥም። አክብሮት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ሦስታችንንም አየችን። የጋሽ ተሾመን ነጠላ ደግማ አየችው። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እሺ እንድል የምትፈልጉት ምኑን ነው?»

«ለሞተሩ አንድ ዓመት ይጨመርለት» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«አይጨመርም።»

«ዋስ እንጠራለን።»

«ለሞተር ዋስ የለውም፣ ጌታዬ።»

ቆምን። ስልክ ጮኸ፣ አላነሳችውም። ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኛ እንደቆምን ነን። በመጨረሻ ወረቀት ሳበችና መጻፍ ጀመረች። «እኔ እሺ ልል የምችለው አንድ ነገር ነው። ከቀኑ በፊት ይውጣ። በየት በኩል፣ በምን ወረቀት እንደሚወጣ እጽፍላችኋለሁ። በጊዜው ከወጣ ከሞተሩ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። ይበቃል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተንሾካሾኩ። ጋሽ ተሾመ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ እሺ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሴትዮዋም ሳትወድ ሳቀች።

እኔ ግን ገና እንደቆምኩ ነበር። «እኔስ? ለእኔ ጉዳይ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«አንተን የሚመለከት ነገር እዚህ የለም» አለችኝ። «ቀን የተቆረጠለት ሞተሩ ነው።»

ለማጓጓዣው ማኅበሩ ተባበረኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ባትሪውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ መለስኩ፣ ታርጋውን ፈታሁ፣ ብቻዬን ወደ ቺካጎ ነዳሁ። ዊስኮንሲን ላይ አንድ የፖሊስ መኪና ከኋላዬ ገባና አብሮኝ መጣ። አልቀደመኝም፣ አላስቆመኝም። የራስ ቁሩ ውስጥ አባታችን ሆይ እያልኩ፣ ፍጥነቴን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነዳሁ። በመጨረሻ ጎኔ ሲደርስ ታርጋዬን አየ፣ አውራ ጣቱን አሳየኝ፣ ሄደ። መንገድ ዳር አቁሜ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከፍርሃቱ ይሁን በዚህ ሞተር ስነዳ የመጨረሻዬ ስለሆነ፣ አሁንም አላውቅም።

መጋዘኑ ውስጥ ቁልፉን ሳስረክብ ወጣቱ ሠራተኛ «ወደ ቤት መሄዱ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። በአውቶቡስ ተመለስኩ። ላሪ ባዶውን ጋራዥ አይቶ «እንግዳው ደህና ሄደ?» ብሎ ትከሻዬን ነካኝ። ኪራይ ሊጨምርብኝ ነው ብዬ ነበር።

ሰናይት ሞተሩን ከጉምሩክ ያወጣችው ጥቅምት ውስጥ ነው። አንድ መካኒክ ወዳጄ እናቷ ቤት ድረስ ነድቶ እንዲያደርስላት ተነጋገርን። ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። ለደስታ ነው ብዬ አነሳሁ፤ ድምፅዋ ግን ለቅሶ ለቅሶ ይላል።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። ሞተሩ ደህና ነው» አለች። «ሊዲያ ናት። ድምፁን ከሩቅ ስትሰማ ምግቧን ጥላ ሮጠች። አባ መጣ እያለች ባዶ እግሯን አስፋልት ድረስ ወጣች። መካኒኩ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ አንተ አልነበርክም።»

«ስጪኝ እስቲ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ተንኳኳ። ሊዲያ ስታለቅስ የቆየች መሆኗ ከአተነፋፈሷ ይሰማል።

«አባ፣ ሞተሩ ለምን ብቻውን መጣ?»



«ቀድሞኝ ነው የኔ እናት» አልኳት።

«እሺ» አለችና «እዚህ በሩ ላይ ልጠብቅህ» ብላ ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ሮጠች።