ክብሪት ለአንበሴ

ባለፈው ሰሞን ኪሌሌሽዋ የምንኖርበት አፓርታማ መብራት ጠፍቶ፣ የምድጃው ማቀጣጠያም አብሮ አልሠራ ስላለኝ፣ ሻይ ላፈላ ከመሳቢያ ውስጥ ክብሪት ፈልጌ ጫርኩ። እሳቱ ገና ሳይረጋ ቀድማ የምትወጣው ያቺ አፍንጫ የምትሰነፍጥ ጭስ ስትደርሰኝ ምድጃውን ረስቼ ባለሁበት ቀረሁ። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጄ መጥታ እጄን እስክትመታኝ ድረስ እንጨቷ ተቃጥላ ጣቴ ላይ መድረሷን አላወቅኩም። «ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬይ? ጣትህ እኮ ነው የሚቃጠለው! ፖሌ ሳና!» ብላ በስዋሂሊ አይዞህ አለችኝና ጣቴን ቧንቧ ስር አስገባችው። ምን ልበላት? ከሞተ ስንት ዘመን ባለፈው ውሻ ላይ ቅናቴ ተነሣብኝ ይባላል? እውነቱ ግን ይኸው ነበር፤ ቀንቼ ነበር፣ ያውም ትኩስ ቅናት።

ያደግኩት ፓርክላንድስ ውስጥ ነው። ዛሬ ፎቁ በዝቶ መግቢያው እንኳ የሚጠፋኝ ያ ሰፈር ያኔ በረጃጅም አጥር የተከለሉ የድንጋይ ቤቶች ሰፈር ነበር። ከሰዓት በኋላ ከህንድ ጎረቤቶቻችን ወጥ ቤት የተቆላ ከሙን ሽታ አጥር ዘሎ ይመጣል፤ የግቢያችን አቮካዶ ፍሬውን የዘበኛው ክፍል ቆርቆሮ ላይ በጣለ ቁጥር ድንጋይ የተወረወረብን እየመሰለን እንደነግጣለን። የቤታችን ወለል ቀይ ሊሾ ነበር፤ በሰም ታሽቶ በተወለወለ ቀን ፊቴን እያየሁበት ምላሴን አወጣበታለሁ። አባቴ ሞያሌ እየተመላለሰ ስለሚነግድ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ነበር የሚያውቀው፤ ወንድምም እህትም የለኝም። እናቴ ዌስትላንድስ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበራት። የምሳው ግርግር ሲያልፍላት በማታቱ ታክሲ ተሳፍራ ትመጣና፣ በረንዳው ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን ዘርግታ «አንበሴ!» ብላ ትጣራለች። አንበሴ እኔ ነበርኩ። ከሥሯ ያለው ደረጃ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ እሷ የሽንኩርት ጠረን ያልለቀቀውን ጣቷን ፀጉሬ ውስጥ ትከትና ከጆሮዬ ጀርባ ቀስ አድርጋ ታከኛለች። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ፣ የአስተናጋጅና የአትክልት ነጋዴ የሆነችው እናቴ ለዚያች ሰዓት የእኔ ብቻ ነበረች፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር መካፈል አልፈልግም ነበር።

ይህ የዘለቀው አጥር የሚለየን ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ውሻቸውን ለእኛ ጥለው እስኪሄዱ ድረስ ነው። ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ሲያዩት የዋህ የሚመስል ውሻ ነበር። ስሙም፣ እንደ ናይሮቢ ውሻ ግማሹ፣ ሲምባ ይባላል። እናቴ ለስዋሂሊ ብዙም ትዕግሥት አልነበራትም፤ «ሲምባ አንበሳ ማለት አይደል? እኛ ቤት ከገባ በቋንቋችን ይጠራ» አለችና ነገሩን ዘጋችው። በማግሥቱ ከበረንዳው «አንበሴ!» ስትል እኔ ከመኝታ ቤት፣ እሱ ከጓሮ ተንደርድረን ደረጃው ላይ ተጋጨን። እናቴ አጥንት የሞላ ሳህን ይዛ ቆማለች። ሁለታችንን አየት አድርጋ በሳቅ ፈነዳችና «አንተን አይደለም፣ እሱን ነው» አለችኝ። እሷ ቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ያን ዕለት ራት አልበላሁም፣ አለመብላቴንም ያወቀልኝ ሰው የለም።

ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነበር፤ ውሻ እኛ ቤት ደጅ እንጂ ውስጥ አይገባም። ሥዕለ ማርያም የተሰቀለበት፣ በየወሩ ጠበል የሚረጭበት ቤት ነው፤ የእሱ ድንበር በረንዳው ነበር። እኔ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ እየተንጎማለልኩ አሳየው ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እትዬ አልማዝ የሚባሉት የእናቴ ወዳጅ ግቢያችን ውስጥ ከእናቴ ጋር ተቀምጠው ሳለ፣ አንበሴ ውኃ ሊጠጣ እንደጎነበሰ በጎኑ ወደቀ። አራት እግሩ ደርቆ ተገተረ፣ ቀጥሎ ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር፣ ዓይኑ ተገለበጠ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ። እኔ ሞተ ብዬ ጮህኩ። እትዬ አልማዝ ግን ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርውረው ተነሡና «የሚጥል በሽታ ነው! ክብሪት አምጪ፣ ክብሪት!» አሉ። አገር ቤት መንገድ ላይ ሰው ሲጥለው ሁሉም ኪሱን ዳብሶ ክብሪት እንደሚጭርና ጭሱን እንደሚያሸትተው ሁሉ፣ እናቴ በሩጫ አምጥታ፣ ተንበርክካ፣ እየጫረች በውሻው አፍንጫ ስር ታዞር ገባች። «አይዞህ አንበሴ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» ትላለች። ዘበኛችን ከበሩ ሮጦ መጥቶ ያየውን ማመን አቃተው፤ «ማማ፣ ኡናቾማ ምቧ!» እያለ፣ ውሻውን ልታቃጥለው መስሎት እጇን ሊይዝ ይሞክራል። መንዘፍዘፉ በረድ ብሎ አንበሴ ራሱን ቀና ሲያደርግ እትዬ አልማዝ እልል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብሪት ከእናቴ ሽርጥ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

ፓርክላንድስ ክሊኒክ የነበራቸው ሸምገል ያሉ ህንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስንወስደው አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ኪኒን አዘዙ፤ ድንገት እንዳይቋረጥ አጥብቀው አስጠነቀቁ። ሲጥለው ዙሪያውን ማራቅ፣ ድምፅ መቀነስ፣ አፉ ውስጥ እጅ አለመክተት፣ ሌላው በራሱ ጊዜ ያልፋል አሉ። ስለ ክብሪቱ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ጭሱ ምንም አያደርግለትም፣ ዝም ብሎ አፍንጫውን ነው የሚያቃጥለው፣ ይተዉት ብለዋል» ብዬ ለእናቴ አስተረጎምኩ። እናቴ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች፤ «እሺ ብላለች በላቸው» አለችኝ። ከክሊኒኩ እንደወጣን ኪሷን ዳበስ አድርጋ ክብሪቱ መኖሩን አረጋገጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ያንገበገበኝ። ያ ደጅ የነበረው ውሻ ቤት ገባ። ሊሾው ላይ ወድቆ ራሱን እንዳይመታ ከእናቴ አልጋ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ ሥዕለ ማርያም ከዚያ ክፍል ወጥታ ወደ ሳሎን ተዛወረች። ኪኒኑ በጥሬ ሥጋ ተጠቅልሎ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ በልመና ይሰጠዋል። እኔ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ የተሰጠኝ ሽሮፕ ምንም አልተቀባም። ከምግብ ቤቱ ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አንበሴ ዋጠ?» ሆነ። በረንዳ ላይ ስትቀመጥ እሱ ደረጃዬ ላይ ተጋድሞ ያቺን ከጆሮ ጀርባ ያለች ቦታ ይታከክላታል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሳሎን መሀል ተዘረርኩና እግሬን አንፈራገጥኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የክብሪቱን ድምፅ ስጠብቅ፣ እናቴ በላዬ ተራምዳ እያለፈች «ተነሥ፣ ሰሙ ሸሚዝህን ያበላሸዋል» አለች።

እንዲህ እያረርኩ ሳለ ነገሩን የገለበጠው ራሱ ውሻው ነው። ሊጥለው ሲል ይቅበጠበጣል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል፤ በኋላ ደግሞ የትም ብሆን ፈልጎ ያገኘኝና አገጩን ጫማዬ ላይ ያሳርፋል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ እግሬን እነጥቀው ነበር። ሲደጋገም ግን ገባኝ፤ አገጩ ጫማዬን ከነካ ብዙም ሳይቆይ ይጥለዋል። «እማዬ፣ ሊጥለው ነው!» ብዬ ስጮህ እናቴ ወንበሩን ሁሉ ለማራቅ ጊዜ ታገኛለች። ሲነሣም ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ አያይም፣ ማንንም አይለይም፣ እናቴ ልትነካው ስትል ያጉረመርምባታል፤ እየተንገዳገደ እያሸተተ መጥቶ ግን እኔ እግር ላይ ይተኛል። እኔን! ኪኒኑን ቅቤ ቀብቶ ሰጥቶት የማያውቀውን እኔን መረጠ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እሱን ወድጄው እንዳይመስላችሁ፣ እሷን አሸንፌያት ነው።

እናቴን ቅናት እንዴት እንደሚያደርጋት ያየሁት ያኔ ነው። «ያበላሁት እኔ፣ ያስታመምኩት እኔ፣ እሱ ግን የአንተን ጫማ ይለማመጣል!» አለችኝ፣ እኔ ያባበልኩት ይመስል። ከዚያ ያረጀ የትምህርት ቤት ጫማዬን አውጥታ፣ ተረከዙን ረግጣ፣ ቤት ውስጥ ታደርገው ጀመር። እትዬ አልማዝ አይተው «ምን ሆነሻል አንቺ?» ሲሏት «ይመቸኛል» አለች፤ ጣቷ በጎን ወጥቶ እየታየ። አንበሴ ጫማውን ቀረብ ብሎ ያሸታል፣ ቀና ብሎ ፊቷን ያያል፣ ከዚያ አዝኖላት በሚመስል አኳኋን ጭራውን አንዴ ቆልቶ ወደ እኔ ይሄዳል። ሁለት ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ አንዱ የእናቱን እጅ፣ አንዷ የውሻዋን አገጭ እየጠበቁ እንዲያ ያሉ ዓመታት አለፉ። እንደዚያ ሙሉ የነበረ ቤት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ናኩሩ አዳሪ ትምህርት ቤት በገባሁ በዓመቱ ለዕረፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆሜ አፏጨሁ፤ የመጣ የለም። እናቴ ሻንጣዬን ተቀብላ በረንዳው ላይ አስቀመጠችኝ። «ጠዋት ነው የጣለው» አለች፣ ፊቷን ወደ አቮካዶው አዙራ፤ «በረድ ሲልለት ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እየተንፏቀቀ በአጠገቤ አልፎ ሄደ። በሩ ሥር ያለው ጫማህ ላይ አገጩን አሳረፈና እዚያው ቀረ።» ባዶ እግሯን እያየች «የዛሬን አላድርገው ብዬ አውልቄው ነበር» አለች። እኔ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ግን የመጨረሻ እስትንፋሱ ላይ አጠገቡ የነበረችው እሷ በመሆኗ ቀናሁባት። እሷም በጫማዬ ቀንታ ነበር። ተቃቅፈን መላቀስ ሲገባን እንደ ሁለት ጣውንቶች ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያ ቀን በኋላ «አንበሴ» የሚለው ስም ከአፏ ጠፋ፤ ለእኔም አልመለሰችልኝም።

እናቴ አርጅታ ምግብ ቤቱን ከተወች በኋላ ኪሌሌሽዋ እኔ ጋ ኖረች። በመጨረሻዋ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንድትሞቅ ባልኮኒ ላይ አስቀምጣትና አጠገቧ ጋዜጣ አነባለሁ። አንድ ቀን፣ ስንት ዘመን ሳልሰማው የኖርኩትን፣ «አንበሴ!» አለች። ቀና አልኩና ወደ ጋዜጣዬ ተመለስኩ። መቼም ልማድ ነው፤ እሱን መስሎኝ። ትንሽ ጠብቃ፣ በዚያው በድሮው ቁጣ፣ «አንተን እኮ ነው!» አለችኝ። ፀጉር የሌለበትን አናቴን ይዤ ወለሉ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩላት። የደረቀ ጣቷ ከጆሮዬ ጀርባ ያቺን ቦታ ፈልጎ አገኛት። የፈለግኩት ሁሉ ያ ነበር፤ ያገኘሁት ደግሞ ልጅ አድርሼ ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማን የፈራች ይመስል፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ከእኔና ከአንተ ማንን ነበር የሚወደው?» አለችኝ።

«አንቺን» አልኳት።

«ውሸታም» አለች፤ ግን ፊቷ በርቶ ነበር፣ ጣቷም አልቆመም።

ይህን ሁሉ ለልጄ አልነገርኳትም። ጣቴን ከቧንቧው አውጥቼ፣ ሌላ ክብሪት ጭሬ ምድጃውን ለኮስኩ፤ ጭሷ እስክትጠፋ ግን አፍንጫዬን አላራቅኩም። የምቀናበት ውሻ ሞቷል፣ የምትቀናብኝ እናት ሞታለች። ሻዩ ሲፈላ በረንዳ ላይ ሆኖ «አንበሴ!» የሚል ድምፅ ብሰማ፣ አንተን አይደለም ብባል እንኳ፣ ሮጬ እሄድ ነበር።