በሰኔ ሚካኤል የታረሰ ሦስት ትልም

እኔ ችኩል ነኝ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ሰምቻት ግን አላውቅም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቡራዩ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ አንድ የፊልም ትምህርት ቤት በዲግሪ በነጻ የሚያስተምራቸውን ልጆች አወዳድሮ ይቀበላል ሲባል ሰማሁ። የሚፈልጉት በራስ የተቀረጸ የአምስት ደቂቃ ፊልም ነው፣ ስለ ቤተሰብ ሥራ። እኛ ቤት ከፍሎ ፊልም የሚያስተምረኝ ሰው የለም። ይህ ካመለጠኝ ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው። ይህን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፣ አጎቴም ጭምር።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሱሉልታ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሰፈሩ ኦቦ እያለ ነው የሚጠራቸው። በበሬ ሲያርሱ ልቀርጻቸው ወሰንኩ። ካሜራውን ያዋሰኝ ሠርግ የሚቀርጽ ጎረቤታችን ነው፤ የሰኔ ጾም ስለሆነ ሠርግ አልነበረውም። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለኝ። የውድድሩ ቅጽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበርና እኔም ዕቅዴን በዚያው ጻፍኩ፤ ሐሙስ ቀረጻ፣ ዓርብ ቅንብር፣ ቅዳሜ መላክ። የሀበሻውን ቀን ዞር ብዬም አላየሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሱሉልታ ስደርስ አጎቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። ለካ የሰኔ ሚካኤል ኖሯል! በዚያ ሰፈር በሚካኤል ቀን ማረስ ቀርቶ ቀንበር መንካት ነውር ነው። በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያመጣብናል ይላሉ። አጎቴ ደግሞ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው፤ በየወሩ ጽዋው ከሚዞርባቸው ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነው።

እኔ ግን መች ልሰማ! እውነተኛ እርሻ አይደለም፣ ትወና ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«በሬው ትወና አያውቅም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «መሬቱም አያውቅም።»

አለቀስኩ። አዎ፣ አልቅሼ ነው በሬ ያስጠመድኳቸው፤ አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ፊቴን አየት አደረጉና ነጠላቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው በሬዎቹን አወጡ። ሦስት ትልም ብቻ ነው አሉ። ማረሻው መሬት ከመንካቱ በፊት ቆመው አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ ካሜራው ኋላ ሆኜ እንዳይናገሩ ጮህኩባቸው። ዝም ብለው አረሱ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶች አጥሩ ጋ ቆመው አዩንና ሰላም ሳይሉን አለፉ።

ቤት ገብቼ ያንን ቆመው የቆዩበትን ቆርጬ ጣልኩት። የቀረውን ድምፅም አጥፍቼ ዋሽንት አስገባሁበት። ቅዳሜ ላክሁት።

ነሐሴ ላይ በረዶ ወረደ። በረዶው ጠባብ መንገድ ይዞ ነው የመጣው፤ ከሁሉ አብልጦ የደፋው የአጎቴን ገብስ ነው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል? የማኅበሩ ሽማግሌዎች ጠርተው ሲጠይቋቸው፣ አዎ አርሻለሁ ብቻ አሉ፤ የእኔን ነገር ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። ከማኅበሩ ሊያስወጧቸው ለእሑድ ቀጠሯቸው። ደውለው የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፣ ከእሳቸው ተደብቀው። ሃያ ዓመት የጠጡትን ጽዋ ተከልክለው በዚህ ሰፈር እንዴት እንደሚኖሩ አላውቅም ብለው አለቀሱ።

እሑድ ላፕቶፔን ይዤ፣ አዲሱ ገበያ ታክሲ ቀይሬ ማኅበሩ የተሰበሰበበት ቤት ደረስኩ። ፊልሙን ካዩ ትወና መሆኑ ይገባቸዋል፣ ነገሩም ይበርዳል ብዬ ነበር። ጉልበታም በሬዎች፣ ጥቁር አፈር፣ ዋሽንት። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ እስከ መጨረሻው አዩት።

«ይኼማ ምስክር ነው» አሉ። «እያማረበት ነው የሻረው።»

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። አጎቴ በሩ ጋ እንደቆሙ ናቸው፤ አግዳሚው ላይ ቦታ የሰጣቸው የለም። ያኔ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያየሁት ትዝ አለኝ። ቆርጬ የጣልኩትን ፈልጌ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። መጀመሪያ ነፋስ ነው፤ ከዚያ የአጎቴ ድምፅ መጣ።

«ሚካኤል፣ ልጅቷ ቀኑን አላወቀችም። ቅጣቱን በእኔ አድርገው፤ የእሷን መንገድ አቅናላት።»

ቀጥሎ የእኔ ጩኸት፦ «አይናገሩ፣ ድምፅ ይበላሻል!»

ሁለት ወር ሙሉ እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ቀን አልሰማሁትም። እንደገና አለቀስኩ፤ ይኼኛው ግን ምንም ለማስደረግ አልነበረም።

ትልቁ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው አጎቴን ተቀመጥ አሏቸው። የመስከረሙ ጽዋ አጎቴ ቤት ይሁን ተባለ።

ስንወጣ አጎቴ ስለ ፊልሙ አላነሱም።

«ያ ትምህርት ቤት ምን አለሽ?» አሉኝ።

ተቀብለውኛል አልኳቸው። ዓርብ ነው የደወሉልኝ፤ በዚህ ሁሉ መሀል ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

«በይ እንግዲህ፣ ሚካኤል ሁለቱንም ሰምቶኛል» አሉና በረዶ የደፋውን ገብሳቸውን ሊያዩ ወረዱ።