ከትናንቱ ቅጂ ያልኩት እኔ ነኝ

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ አገር በያዘ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ብዙ ዘመን ቢያልፍም አልረሳውም፤ ከአፌ የወጣ አንድ ቃል ስላለበት።

በጤና ሠራተኝነት ተመድቤ ከጎጃም ቦንጋ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረም። እቴነሽ የሚሏት የሥራ ባልደረባዬ ወደ እናቷ ወሰደችኝ። እናቷ እትዬ አስካለ ገበያ ላይ ኮረሪማ ይሸጣሉ፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ጓዳቸውን አከራዩኝና ወር ሳይሞላ ሁለተኛ ሴት ልጅ ያገኙ ይመስል ከልጃቸው እኩል ይቆጡኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት እኔና እቴነሽ ለክትባት ወደ ዴቻ ቆላ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለ መንደር ተላክን። መኪናው ጭሪ ላይ አወረደን፤ ከዚያ ክትባቱን በበቅሎ ጭነን ሁለት ቀን በእግር ወረድን።

ያሳደሩን ጋሽ ኮጪቶ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በደረስንበት ቀን ወንዙ ዳር ወስደው ከውሃው በላይ ብቅ ያሉ ጉብታዎችን አሳዩን። እኔ ጉማጅ እንጨት መስሎኝ ነበር። የአዞ ዓይንና አፍንጫ ነው አሉን። እያየነው ያለ አንዳች ድምፅ ሰመጠ፤ ውሃው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እግሩን ወደ ጎኑ ሰብስቦ በጅራቱ ብቻ እንደሚቀዝፍ፣ ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ለይቶ ከሥር እንደሚመጣ ነገሩን።

«አዞ አይቸኩልም፣ ይጠብቃል» አሉ። «ዛሬ የቀዳችሁበት ነገ አትቅዱ።»

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ወደሚቀዳበት፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ስለማያልፍ አዞ ወደማይደበቅበት ድንጋያማ ቦታ ሄድን። ሩቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሥራው ስለበዛብን ከቅርቡ ቀዳን፤ ምንም አልሆንን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተራው የእኔ ነበር። እግሬ በመንገዱ ውሃ ቋጥሮ መርገጥ አቃተኝ። እቴነሽ ጄሪካኑን አነሳች። እኔም እያነከስኩ እስከ ዳገቱ አፋፍ ተከተልኳት። ወደ ድንጋያማው ቦታ ልትታጠፍ ስትል፣

«ምን ያደክምሻል፣ ከትናንቱ ቅጂ» አልኳት።

እሺ ብላ ወረደች፤ እኔ አፋፉ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ጎንበስ ብላ ጄሪካኑን ስትነክር ወንዙ አንዴ ፈነዳ። ጅራት አየሁ፤ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ አየሁ። አልጮኸችም፤ ጊዜ አላገኘችም። ተነሥቼ እስክቆም ውሃው ተመልሶ ተኝቷል። ጄሪካኑ ብቻ እየተንሳፈፈ ወረደ።

የመንደሩ ወንዶች ጦር ይዘው፣ በታንኳ እስከ ማግስቱ ቀትር ፈለጉ። አላገኟትም። ጋሽ ኮጪቶ ለምን እዚያ እንደቀዳች አልጠየቁኝም። መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

የልብሷን ቦርሳ ይዤ ቦንጋ ገባሁ። እትዬ አስካለ ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ አጠገባቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተራው የእኔ እንደነበር፣ ከትናንቱ ቅጂ ያልኳትም እኔ እንደሆንኩ።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ይህን ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ» አሉኝ። «አሁን የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን። ስታመም አስታመሙኝ፣ ሳገባ እንደ እናት ዳሩኝ። እንደ ድሮው ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ሳህን ብሰብር፣ ሳላስፈቅድ ባመሽ፣ ዝም ነው። ልጄን ገደልሽ ብለው አንድ ቀን ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ለምን እንደማይቆጡኝ መጠየቁን ፈርቼ ቆየሁ፤ እሳቸውም ሞቱ።

አሁን የራሴ ልጆች አሉኝ። ውሃ ከቧንቧ ነው የሚቀዱት። ሲዘገዩብኝ ግን ደጅ ላይ እቆማለሁ፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።