የአው ዩሱፍ መላጊያ

ባለፈው ቅዳሜ ፈረስ መጋላ አጠገብ ወዳለችው ሱቄ አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛ ልትገዛ ገባች። ዋጋውን ስትሰማ ጎንበስ ብላ አየችውና "ጠማማ ነው" አለች። እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቃለን፤ የገበያ ወግ ነው፣ የወደዱትን ዕቃ ሳያንቋሽሹ መግዛት የለም። እኔ ግን በቁጣ ላስወጣት ምንም አልቀረኝም። ሴትዮዋ ምን በደለች? ያናደደኝ የራሴው ኃጢአት ነው።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አናጢ እሆናለሁ ብዬ ስነሳ የነበረኝ ጥርሱ የረገፈ መጋዝና ከጎረቤት የተዋስኩት መዶሻ ብቻ። አዲስ ዕቃ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ያገለገለ ፍለጋ ገበያ ለገበያ እዞር ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። አንድ ጠዋት ትኩስ ሳምቡሳ እየገመጥኩ ኤረር በር ስደርስ፣ ሽማግሌው አናጢ አው ዩሱፍ ጆንያ ላይ የሥራ ዕቃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ የእሳቸው እጅ ያልነካው በር ጥቂት ነው ይባል ነበር። አሁን ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን መተዋቸው ነው።

መላጊያቸውን አነሳሁ። እጀታው ከእጅ ብዛት ለስልሷል፤ ገልብጬ ሆዱን ሳየው እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣

"አው ዩሱፍ፣ ይሄ እኮ ጠማማ ነው" አልኳቸው።

ሌላ ሻጭ ቢሆን "ጠማማስ አንተ!" ብሎ ስቆ ትንሽ ይቀንስልኝ ነበር። እሳቸው መላጊያውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ልጄ፣ በእምነትህ ንገረኝ። የእኔ ዓይን አያይም።"

"ማርያምን! መሃሉ ጎድጉዷል።"

ለምን እንደማልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምላስ አጥንት የለው።

"እንዲህ ያለ ዕቃ ሸጬ ሐራም አልበላም" አሉ። "ማቃናት ከቻልክ እንዲያው ውሰደው።" ከዚያ ለራሳቸው፣ "በዚህ ስንት በር ሠራሁ፣ ያ ረቢ!"

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። መላጊያውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ወደ ጊደር መጋላ ስወርድ አው ዩሱፍን አንድ በር ፊት ቆመው አየኋቸው። ጠርዙን በመዳፋቸው እየዳበሱ የቤቱን እመቤት፣

"እህቴ፣ ጠማማ በር ሠርቼልሽ ከሆነ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" ይሏታል።

"ኧረ አው ዩሱፍ! ይሄ ሁሉ ዓመት ሲከፈት ሲዘጋ አንድ ቀን አስቸግሮን አያውቅም።"

ልታጽናናቸው የተናገረች መሰላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው የሚቀጥለውን በር አንኳኩ። እኔ እንዳያዩኝ በሌላ ቅያስ ታጠፍኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ባገኙኝ ቁጥር "ተቃናልህ?" ይሉኛል። "ተቃና" እላለሁ። "እኔ ያላየሁትን አየህ፤ አንተ ከእኔ የተሻልክ አናጢ ነህ" ብለው ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ!

ድህነት ነው፣ ልጅነት ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው፤ ምርቃቱን ወድጄው ነው ዝም ያልኩት። የነፍስ አባቴ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለውኛል። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሰው ግን መጥፎ አናጢ ነበርኩ ብለው አምነው ነው የሞቱት።